ተጀምሮ የቀረ የባቡር ፉርጎ ሞዴል እንዴት ይታደሳል?

ግማሹ ተጣብቆ፣ ግማሹ በከረጢት ውስጥ የሚንኮሻኮሽ የፉርጎ ኪት (ክፍሎቹ ለየብቻ መጥተው ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው ሞዴል) እጃችሁ ከገባ ወዲያው ሙጫ ለማንሳት አትቸኩሉ። ሥራው የሚጀምረው የቀድሞው ሰው ካበላሸበት ቦታ ነው። እሱ ካቆመበት ከቀጠላችሁ ጥመቱን ይዛችሁ እስከ ጣሪያው ትወጣላችሁ። መስኮቱ አይገጥምም፣ ጎማው ሐዲድ ይስታል፣ ለምን እንደሆነም አይገባችሁም። ስለዚህ መጀመሪያ ወደኋላ ትመለሳላችሁ። ደህና የሆነ መገጣጠሚያ ስታገኙ እዚያ ላይ ትቆማላችሁ። ከዚያ በኋላ ነው ወደፊት የሚሠራው።

እኛ ከተማ እንዲህ ያለ ኪት የሚመጣው በሻንጣ ነው። ዘመድ ከውጭ ሲመለስ ይዞ ይመጣል፣ ወይም አገር የሚለቅ ሰው የቤት ዕቃውን ሲሸጥ ከካርቶን ሥር ይወጣል። አንድ ክፍል ቢጎድል ሄዶ መግዛት የለም፤ ባለው መሥራት ግድ ነው። ደግነቱ ለማደሻ የሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው ከለገሃር እስከ መርካቶ ባለው መንገድ ላይ ይገኛል። ፋርማሲ፣ ቀለም ቤት፣ መስታወት ቤት፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቅና ጎሚስታ ይበቃሉ።

እንደ ምሳሌ የምወስደው ሮዝበድ ኪትማስተር የተባለውን የእንግሊዝ ኪት ነው። ሮዝበድ አሻንጉሊት ሠሪ ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 የባቡር ኪት ማውጣት ጀመረ፤ በ1962 ሻጋታዎቹን ኤርፊክስ ለተባለው የሞዴል ኪት አምራች ሸጠ። ከፉርጎዎቹ ብዙዎቹ የተቀረጹት በብሪታንያ ባቡር ማርክ 1 መንገደኛ ፉርጎ ነው። ማርክ 1 በ1951 ሥራ የጀመረ፣ ለብዙ ዓመታት የአገሪቱን መንገደኞች ያመላለሰ ፉርጎ ነው። ሞዴሉ ኦኦ በሚባለው ልኬት የተሠራ ነው፤ የእውነተኛው 1 ጫማ እዚህ 4 ሚሊሜትር ይሆናል። ስለዚህ ርዝመቱ 26 ሴንቲሜትር ገደማ ሲሆን የሚሄደው 16.5 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ ነው። የሌላ ኩባንያ የፕላስቲክ ኪት ካላችሁም አሠራሩ ያው ነው። የናስ ኪት ግን በካውያ የሚበየድ ስለሆነ ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ነው፤ እሱን እዚህ አልነካውም።

1. ዘርግቶ መቁጠር

ትልቅ ትሪ ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፉና ከረጢቱን ገልብጡት። ጨርቁ የሚጠቅመው ትንንሾቹ ክፍሎች እንዳይንከባለሉና ጥቁሩ ፕላስቲክ ጎልቶ እንዲታይ ነው። ምንም ሳትነኩ በስልካችሁ ከላይ፣ ከጎንና ከሥር ፎቶ አንሱ። በየደረጃውም አንሱ። ከሳምንት በኋላ «ይቺ በየት በኩል ነበረች?» ስትሉ ፎቶው ይመልስላችኋል።

የአሠራር ወረቀቱ ካለ እየነካችሁ ቁጠሩ። ከሌለም አትጨነቁ፤ ክፍሎቹ ተያይዘው የመጡበት የፕላስቲክ ፍሬም አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር አለው። ያንን ፍሬም ደግሞ እንዳትጥሉት! ለሙከራም፣ ለጥገናም፣ ሙጫ ለመሥራትም የሚያገለግል ከሞዴሉ ጋር አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ነው።

ፉርጎ ብዙ ነገሩ ጥንድ ነው። ሁለት ጎን፣ ሁለት ጫፍ፣ ሁለት ቦጊ (ጎማዎቹን ይዞ ከፉርጎው ሥር የሚዞር ጋሪ) አለው። በአንዱ ጫፍ የጠፋው መጋጫ በሌላው ጫፍ ይኖራል። ስለዚህ የጎደለውን ከወንድሙ መቅዳት ይቻላል። መስታወት ቤት የሚጠቀሙበትን ሲሊኮን ትንሽ ጨመቅ አድርጉ። ያለውን ክፍል ፈሳሽ ሳሙና ቀብታችሁ እስከ ወገቡ ሲሊኮኑ ውስጥ አስገቡትና አንድ ቀን ሙሉ ተዉት። ሲሊኮኑ ሲጠነክር ክፍሉን አውጡና ጉድጓዱን የመኪና ቦዲ ሠራተኞች በሚጠቀሙበት ባለ ሁለት ውህድ ስቱኮ ሙሉት። ጀርባው ጠፍጣፋ ለሆነ ክፍል ሁሉ ይሄ መንገድ ጥሩ ነው። ከወለሉ ሥር የሚንጠለጠሉትን የባትሪ ሳጥኖች በዚህ መልክ ብትሠሩ ከኦሪጅናሉ የሚለያቸው ሰው የለም።

2. ጥመቱን መፈለግ

መስታወት ቤት ሄዳችሁ 30 በ15 ሴንቲሜትር የሆነ፣ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው መስታወት አስቆርጡ። ጠርዙን እንዲያስተካክሉላችሁ ንገሯቸው፤ እጅ ይቆርጣል። ለዚህ ሥራ ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላውቅም። ጠረጴዛ ይጎብጣል፣ ጣውላ ይጣመማል፣ መስታወት ግን ቀጥ እንዳለ ይኖራል። ሙጫ ቢፈስበትም በምላጭ ይፋቃል።

የፉርጎውን ቦዲ መስታወቱ ላይ አስቀምጡ። አንዱን ማዕዘን በጣት ጫን ስትሉ ተቃራኒው ብድግ ካለ ቦዲው ተጠማዟል። ቀጥሎ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ለኩ፤ ሁለቱ ሰያፎች እኩል ካልሆኑ ጫፎቹ ቀጥ ብለው አልተጣበቁም። መጨረሻ ላይ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በመስኮቶቹ ሥር ባለው መስመር ላይ ወደ መብራት ተመልከቱ። የድሮ የፕላስቲክ ፉርጎ ጎኑ መሃል ላይ ወደ ውስጥ መጉበጥ ይወዳል፤ የሚይዙት ሁለቱ ጫፎች ብቻ ናቸውና። አንድ ሚሊሜትር ጉብጠት በዚህ ልኬት በእውነተኛው ፉርጎ ላይ ከ7 ሴንቲሜትር በላይ ማለት ነው። ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

ያገኛችሁትን ሁሉ በወረቀት ጻፉ። እያንዳንዱን መገጣጠሚያ «ይቆይ» ወይም «ይላቀቅ» በሉት። እኔ የምከተለው ሕግ ይሄ ነው፦ መገጣጠሚያው ቀጥና ጠንካራ ከሆነ ቢያስጠላም ይቆይ። ሙጫ ፈሶበት ከሆነ በሞረድና በስቱኮ ይስተካከላል። ቢያምርም ጠማማ ከሆነ ግን ይላቀቅ።

3. ቀለሙን ማውረድ

ከማላቀቅ በፊት ቀለሙ ይውረድ። ቀለም መገጣጠሚያውን ይሸፍናል፤ የት እንደምትቆርጡ ማየት አለባችሁ።

መጀመሪያ ከፋርማሲ አልኮል ግዙና በጥጥ አንድ ጥግ ላይ ሞክሩ። የውሃ ዘር የሆኑ ቀለሞች በአልኮል ይለቃሉ። የድሮ የዘይት ቀለም ከሆነ ግን አልኮል ብዙም አያደርገውም። ለዚያ መድኃኒቱ የፍሬን ዘይት ነው። ጠርሙሱ ላይ ዶት 3 ወይም ዶት 4 የሚል ይሁን፤ ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ አይሠራም። አሮጌ የአይስክሬም ዕቃ ውስጥ ክፍሉን ዘፍዝፉትና ክዳኑን ግጠሙ። በየሰዓቱ እያያችሁ ቀለሙ እንደ ቆዳ ሲሸበሸብ አውጡትና በፈሳሽ ሳሙናና በጥርስ ብሩሽ እጠቡት። ቢበዛ አንድ ሌሊት ይደር እንጂ ለቀናት አትርሱት፤ ፕላስቲኩን ተሰባሪ ሊያደርገው ይችላል። የላስቲክ ጓንት አድርጉ። የቤት ዕቃ ላይ ጠብ ካለ ቫርኒሹን ያነሳዋል። ያገለገለውን ዘይት ፍሳሽ ውስጥ አትድፉት፤ ጠርሙስ ውስጥ መልሳችሁ ለጋራዥ ስጡት።

አሴቶን፣ ቤንዚንና ቲነር ለዚህ ሥራ በጭራሽ አይሆኑም። ፕላስቲኩን ራሱን ያቀልጡታል።

4. ማላቀቅ

ትዕግስት የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው። በምን እንደተጣበቀ ካወቃችሁ ግማሹን ሄዳችኋል።

ጠንካራ፣ መስታወት የሚመስል፣ ዳር ዳሩ ላይ ነጭ ብናኝ ያለበት ከሆነ ሱፐር ግሉ ነው። ይሄ ቀላሉ ነው። ቦዲውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሦስት ሰዓት አስቀምጡት። ሱፐር ግሉ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ ይሰበራል። ከፍሪዘር እንደወጣ በካቻቢቴ እጀታ መገጣጠሚያው ላይ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ በራሱ ይለቃል። ቢጫ፣ ለስላሳ፣ በጥፍር የሚቧጠጥ ከሆነ ማስቲሽ ነው፤ እሱም በምላጭ ይላጣል።

አስቸጋሪው የፕላስቲክ ሞዴል ሙጫ ነው። ይሄኛው ሁለቱን ክፍሎች አቅልጦ አንድ ያደርጋቸዋል። እንደ ብየዳ ነው፤ የሚሟሟ ሙጫ መሃል ላይ የለም። ስለዚህ መቁረጥ ብቻ ነው መንገዱ። ሆኖም የድሮ ሠሪዎች ሙጫውን ከቱቦ እየጨመቁ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ያደርጉት ስለነበር መገጣጠሚያው ሙሉ ለሙሉ ተይዞ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። የተያዘው ቦታና ክፍት የሆነው ቦታ ይፈራረቃሉ። ቦዲውን መብራት ላይ አንሱና ከውስጥ ተመልከቱ። በስንጥቁ ብርሃን የሚያልፍበት ቦታ መጀመሪያችሁ ነው።

ባለ ሁለት ስለት ምላጭ ከነወረቀቱ በቁመቱ ለሁለት ስበሩ። የያዛችሁበትን ወገን በወረቀት ፕላስተር ጠቅልሉት። ክፍት ከሆነው ቦታ አስገቡና በመገጣጠሚያው መስመር ላይ ሳትጫኑ ሂዱ፣ ተመለሱ። ደግማችሁ ሂዱ። መቁረጥ ያለበት ስለቱ ነው፤ የእጃችሁ ጉልበት ከገባበት ምላጩ ከመስመር ይወጣና ጎኑን ይፍቃል። የተያዘ ቦታ ላይ ስትደርሱ ይጠነክርባችኋል። እዚያ ላይ ደጋግሙ። ትንሽ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ አንድ ነጥብ ለቋል ማለት ነው። ከመገጣጠሚያው አጠገብ ፕላስቲኩ ላይ ነጭ መስመር ከታየ ግን ወዲያው አቁሙ። ፕላስቲኩ እየተወጠረ ነው፤ ሊቀደድ ነው። በሌላ በኩል ዞራችሁ ጀምሩ።

ምላጭ የማይገባበት ማዕዘን ካለ ወርቅ ሠሪዎች የሚሠሩበት ቀጭን መጋዝ ያስፈልጋችኋል። መጋዙ እየበላ የሚሄደውን ፕላስቲክ በኋላ በቀጭን ቁራጭ ትሞላላችሁ። ጣሪያው ተጣብቆ ከሆነም በዚሁ መንገድ ይነሳ። ውስጡ ሳይሠራ የተዘጋ ፉርጎ ለዘለዓለም ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ወንበር የሌለው ፉርጎ ደግሞ በመስኮቱ ባየነው ቁጥር ያናድዳል።

5. ማቃናት

የጎበጠ ጎን በሙቅ ውሃ ይቃናል። ኪቱ የተሠራበት ፖሊስታይሪን 95 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ማለስለሻው ላይ ሊደርስ ጥቂት ነው የሚቀረው። ከማንቆርቆሪያ በቀጥታ ከፈሰሰበት ቀጭኑ የመስኮት ክፈፍ ሊጨማደድ ይችላል። ሁለት ስኒ የፈላ ውሃ ላይ አንድ ስኒ የቧንቧ ውሃ ጨምሩ፤ ወደ 70 ዲግሪ ይጠጋል። እዚያ ጀምሩ። ካልታዘዘ የቧንቧውን ውሃ ቀንሱ።

ጎኑን ለአንድ ደቂቃ ያህል ነክራችሁ አውጡና ከጉብጠቱ ተቃራኒ በጣም ትንሽ አሳልፋችሁ እጠፉት። ወዲያው መስታወቱ ላይ አስተኙት፣ ብረት ማስመሪያ ደርቡበት፣ በልብስ መቆንጠጫ ያዙትና ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበት። በአንድ ጊዜ ካልሆነ ድገሙት።

6. መልሶ ማጣበቅ

የሞዴል ሙጫ ከሌላችሁ ቀለም ቤት የሚሸጠው ቲነር ይሠራል። ሁሉም ቲነር ግን አንድ አይደለም። መጀመሪያ በፍሬሙ ቁራጭ ሞክሩ፤ ሁለት ቁራጮችን አጣብቆ በማግስቱ በጉልበት እንጂ በቀላሉ የማይላቀቁ ከሆነ ይሆናል። ለሰፋ ስንጥቅ ደግሞ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ቲነር ጨምሩና የፍሬሙን ስብርባሪ ክተቱበት። አድሮ እንደ ማር ይወፍራል፤ ሙጫም መሙያም ይሆናል። መስኮት ክፈቱ፣ ከሰል ወይም ጋዝ ምድጃ አጠገቡ አይኑር።

ቀጭኑን ቲነር በኢንሱሊን መርፌ ወይም በቀጭን ብሩሽ ነው የምትቀቡት። ሁለቱን ክፍሎች መጀመሪያ አገናኟቸው። ከውስጥ በኩል ስንጥቁን በመርፌው ጫፍ ብቻ ነካ አድርጉት፤ ጠብታው ራሱ በስንጥቁ ውስጥ እየሮጠ ሲሄድ ይታያችኋል። ጣታችሁ መገጣጠሚያው ላይ ካረፈ በጣታችሁ ሥር ገብቶ አሻራችሁን ጎኑ ላይ ይተወዋል። ስለዚህ ያዝ የምታደርጉት ከመስመሩ ራቅ ብላችሁ ነው።

አንድ ጫፍና አንድ ጎን በስኳድራ ቀጥ አድርጋችሁ አጣብቁ። ሌላውን ጫፍና ሌላውን ጎንም እንዲሁ። ሁለቱ «ኤል» ቅርጾች በማግስቱ ሲደርቁ መስታወቱ ላይ ይገናኛሉ። አራቱንም በአንድ ጊዜ ለማያያዝ መሞከር ነው ብዙውን ፉርጎ የሚያጣምመው።

ከዚያ ማጠናከሪያ። እዚህ የማይተካ ዕቃ አለ፦ የድሮ ሲዲ መያዣ። ግልጹ የሲዲ መያዣ ፖሊስታይሪን ነው፤ ከኪቱ ጋር በደንብ ይዋሃዳል። ከምናለሽ ተራም ሆነ ከቤታችሁ ቁም ሣጥን አይጠፋም። በብረት ማስመሪያና በቢላ ደጋግማችሁ አጭራችሁ ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ስትሰብሩት ቀጥ ብሎ ይሰበራል። ከመስኮቶቹ ሥር በውስጥ በኩል በቁመት አንድ አንድ ቁራጭ ለጥፉ። በመሃል ደግሞ ከጎን እስከ ጎን የሚደርሱ ግድግዳዎች ቁረጡ፤ ስፋታቸውን ከጫፉ የውስጥ ልክ ውሰዱ። እነዚህ ግድግዳዎች የመንገደኞቹን ክፍሎች ይለያሉ፣ ጎኑም ተመልሶ እንዳይጎብጥ ይይዙታል። እርጎ የሚሸጥባቸው ኩባያዎችም ሥራቸው ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 6 ቁጥር ካለባቸው ያው ፖሊስታይሪን ናቸው፤ ለቀጭን ሥራ ያገለግላሉ።

ቦዲውን ዘግታችሁ አታድርቁት። የቲነሩ ትነት ውስጡ ከታፈነ ግድግዳውን ሊያጣምመው ይችላል።

7. ቦጊና ጎማ

ሞዴሉ የሚታይ ብቻ ሳይሆን የሚሄድ እንዲሆን ከፈለጋችሁ ከኪቱ ጋር የመጣውን የፕላስቲክ ጎማ በብረት ጎማ ቀይሩት። ዘመድ ከውጭ ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ላኩልኝ በሉ ቢባል እኔ የምለው ጎማ ነው። ክብሪት ቀፎ ውስጥ ይገባል። የምታዙት 14 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው፣ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ 26 ሚሊሜትር አክስል ያለው የኦኦ ፉርጎ ጎማ ነው። በሁለቱ ጎማዎች ጀርባ መካከል ያለው ርቀት 14.5 ሚሊሜትር መሆኑን በካሊፐር አረጋግጡ። ከዚያ ከጠበበ ወይም ከሰፋ የሐዲድ መገንጠያ ላይ ይወጣል።

ቦጊውን መስታወቱ ላይ አቁሙና ቀጭን ደረሰኝ ወረቀት በአራቱም ጎማዎች ሥር ለማሳለፍ ሞክሩ። ወረቀቱ በአንዱ ሥር ካለፈ ያ ጎማ አየር ላይ ነው። የቦጊው አንድ ጎን ከሌላው ከፍ ብሎ ተጣብቋል ማለት ነው፤ አላቅቃችሁ ድገሙት። የአክስሉ ጫፎች የሚያርፉባቸውን ጉድጓዶች በመጻፊያ እርሳስ ዱቄት ቀቧቸው። ዘይት አይሆንም፤ የከተማችንን አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ያደርገዋል። በመጨረሻ መስታወቱን በአንድ ጫፍ አንድ ሴንቲሜትር ከፍ አድርጉት። ጥሩ ቦጊ በራሱ ተንሸራቶ መውረድ አለበት።

ሁለቱ ቦጊዎች አንድ ዓይነት መታሰር የለባቸውም። አንዱ በብሎኑ ላይ ወደ ግራና ቀኝ ይዙር፣ ወደፊትና ወደኋላም ዘንበል ይበል፤ ወደ ጎን ግን እንዳይወዛወዝ ከላዩ በሁለቱ ወገን ቀጭን ቁራጭ ለጥፉበት። ሌላው መሃሉ ላይ አንዲት ትንሽ ሮንዴላ ብቻ ይኑረውና ወደፈለገው ይወዛወዝ። ሐዲዱ ትንሽ ወጣ ገባ ቢል እንኳ ስምንቱም ጎማ መሬት ይይዛል።

ከዚህ በኋላ ክብደት። ብዙዎች የሚሠሩበት መለኪያ በአንድ አክስል 25 ግራም ነው፤ አራት አክስል ላለው ፉርጎ ጠቅላላ 100 ግራም ይሆናል። ፕላስቲኩ ብቻውን ከዚያ ያንሳል። ጎሚስታ ጋ ጎማ ባላንስ የሚደረግባቸው ባለ 5 እና 10 ግራም ብረቶች አሉ። ያገለገሉትን በትንሽ ሳንቲም ይሰጧችኋል። ወለሉ ላይ፣ በሁለቱ ቦጊዎች መካከል አከፋፍላችሁ አስቀምጧቸው። ከፍ ብለው ከተለጠፉ ኩርባ ላይ ይጥሉታል። ብረቱ እርሳስ (ሊድ) ከሆነ በነጭ ኮላ አትለጥፉት! የኮላው አሲድ እርሳሱን ቀስ በቀስ ወደ ነጭ ዱቄት ይለውጠዋል። ዱቄቱ እያበጠ ከዓመታት በኋላ ወለሉን ይሰነጥቀዋል። ኢፖክሲ የተባለውን ባለ ሁለት ውህድ ሙጫ ተጠቀሙ። እርሳስ ከነካችሁም በኋላ ሳትታጠቡ እጃችሁን ወደ አፍ አታስጠጉ።

8. ስቱኮና ቀለም

ስንጥቆቹን በጣም በስሱ በስቱኮ ሙሉ። ሲደርቅ የመኪና ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበትን የውሃ ብርጭቆ ወረቀት 400፣ ከዚያ 600፣ ከዚያ 1000 እያደረጋችሁ በውሃ ፈትጉት። የበር መጋጠሚያ መስመሮችን እንዳትበሉ ብርጭቆ ወረቀቱን በትንሽ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ ያዙ። የተሰበሩ የበር መያዣዎችን ደግሞ በኔትወርክ ኬብል ውስጥ ባለው ነጠላ የመዳብ ሽቦ ተኳቸው፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ነው። ሁለቱን ጫፎች በፒንሳ ይዛችሁ ሳብ ስታደርጉት እንደ ክር ቀጥ ይላል።

ቀለም ከመምረጣችን በፊት ብዙ ሰው የሚያነሳው ጥያቄ አለ፤ ፉርጎውን የኛ የድሮ ባቡር ላድርገው ወይ? ስሜቱ ይገባኛል፤ እኔም ለገሃር ባለፍኩ ቁጥር ያምረኛል። ግን አይገጥምም። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው መስመር ስፋቱ 1 ሜትር ነበር። የእንግሊዙ ደግሞ እንደ አሁኑ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር 1,435 ሚሊሜትር ነው። በኦኦ ልኬት የኛ የድሮው ሐዲድ 13 ሚሊሜትር ነበር የሚሆነው፤ የኪቱ ጎማ የሚቆመው ግን 16.5 ላይ ነው። የለገሃርን ፉርጎ መሥራት የሚፈልግ ሰው በ1:87 ልኬት፣ በ12 ሚሊሜትር ሐዲድ ላይ ከባዶ ቢሠራው ይሻላል። ይሄኛው እንግሊዛዊ ሆኖ ይቅር።

ማርክ 1 መጀመሪያ ቀይና ክሬም ነበር። ከ1956 ጀምሮ ጥቁር ቀይ፣ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ ሰማያዊና ግራጫ ሆነ። እኔ ጥቁር ቀዩን እመርጣለሁ። ኪቱ የወጣበት ዘመን ቀለም ነው፣ ሁለት ቀለም ለመለየትም ፕላስተር መለጠፍ አያስፈልግም። የመኪና ቀለም የሚቀምሙ ሱቆች ናሙና ፎቶ ካሳያችኋቸው ይሠሩላችኋል። ትንሽ ነጭ ጠብ አስደርጉበት። ትንሽ ዕቃ ላይ ቀለም ከትልቁ ይልቅ ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው።

የመኪና ስፕሬይ ቲነሩ ኃይለኛ ስለሆነ መጀመሪያ ግራጫውን ፕራይመር ከ25 ሴንቲሜትር ርቀት እንደ ጉም በስሱ ንፉበት። ገና ሳይረጥብ አቁሙ። ሃያ ደቂቃ ጠብቁና ድገሙ። በአንድ ጊዜ አርጥባችሁ ከነፋችሁ ፕላስቲኩን ይበላዋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ቀለሙ ሲደርቅ ነጭ ጭጋግ ያወጣል፤ ከቻላችሁ መስከረም እስኪጠባ ቆዩ፣ ካልቻላችሁ ፀሐይ የወጣችበትን እኩለ ቀን ጠብቁ። በበጋ ጠላታችን አቧራ ነው። ማለዳ ነፋስ ሳይነሳ ንፉና ወዲያው ካርቶን ድፉበት። ጣሪያው ጥቁር ግራጫ ይሁን፤ ለብቻው ይቀባ።

9. ወንበር፣ መስኮት፣ ጣሪያ

ወንበሮቹን ቀብታችሁ ከግድግዳዎቹ መካከል አስገቡ። የድሮው መስኮት ጭጋግ ይዞ ከሆነ በጥርስ ሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ለረጅም ጊዜ እሹት፤ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ካልተመለሰ ጽሕፈት መሣሪያ ቤት ጥራዝ የሚሸፍኑበትን ግልጽ ፕላስቲክ ቆርጣችሁ ተኩት። መስኮት የሚለጠፈው በነጭ ኮላ ነው። ሱፐር ግሉ ትነቱ ግልጹን ፕላስቲክ ያነጣዋል፤ ቲነር ደግሞ ይፈስበታል። ኮላ ሲደርቅ ግልጽ ስለሚሆን ቢተርፍም አይታይም።

ጣሪያውን አታጣብቁት። ከውስጥ በኩል ከሲዲ መያዣ አራት ትንንሽ ምላስ ለጥፉበትና ተጭኖ የሚገባ አድርጉት። ወንበር ቢነቀል፣ መስኮት ቢወድቅ፣ መብራት ማስገባት ቢያምራችሁ እንደገና ምላጭ አያስፈልግም።

10. ሐዲድ ላይ መሞከር

በዚህ ርዝመት ያለ ፉርጎ 438 ሚሊሜትር ራዲየስ ባለው ኩርባ ላይ ይሄዳል፤ በ371ዱ ላይ ግን ቦጊው ሻንሲውን ሊነካ ይችላል። ከነካ የት እንደነካ ለማወቅ የጎማውን ጠርዝ በእርሳስ አጥቁሩና አንዴ አዙሩት። የጠቆረውን ቦታ በሞረድ ዝቅ አድርጉ። ማያያዣው መንጠቆ ከሌሎቹ ፉርጎዎች ጋር አንድ ከፍታ ላይ መሆኑን ተመልከቱ፤ ዝቅ ካለ በቦጊው ብሎን ላይ ሮንዴላ ጨምሩ፣ ከፍ ካለ አንሱ።

ወደፊት ሲጎተት ማንኛውም ፉርጎ ደህና ይመስላል። እናንተ ሌሎች ፉርጎዎች ከኋላው አስከትላችሁ በኩርባውና በመገንጠያው ላይ ወደኋላ ግፉት። የሚወጣ ከሆነ የወጣበትን ጎማ ያዙና ወደ ደረሰኙ ወረቀት ተመለሱ። ካልወጣ ሥራው አልቋል፤ ሻንሲው ሥር በእርሳስ የምን ቀለምና የምን ሙጫ እንደተጠቀማችሁ ጻፉበት፣ ወደፊት የሚከፍተው ሰው እንዲያውቀው።